ዊንድ ዲፍሌክተር ምንድን ነው? ጣሪያው በተከፈተ መኪና ውስጥ ነፋሱ ለምን ከኋላ ይመጣል?

ባለፈው ጥር የአክስቴን ልጅ ስንድር ሙሽሮቹን የያዘችው ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ አራት ሰው የምትጭን ነጭ የኪራይ መኪና ነበረች። ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን ነኝ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በዘንባባዎቹ መካከል ቀስ እያልን ስንሄድ ሁሉም ነገር አምሮ ነበር። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን አጃቢዎቹ ፍጥነት ሲጨምሩ ግን የሙሽሪት ዓይነ ርግብ ተነሣ። ወደ ኋላ ይውለበለባል ብለን ስንጠብቅ ወደ ፊት ተወርውሮ ፊቷ ላይ ተጠቀለለ። ሙሽራው በገለጠላት ቁጥር ተመልሶ ይሸፍናታል። እኔንም ማጅራቴን የሚመታኝ ነፋስ ግራ አጋባኝ። ፊት ለፊቴ መስታወት አለ፣ መኪናዋ የምትሄደው ወደ ፊት ነው፣ ነፋሱ ግን የሚመጣው ከጀርባዬ ነው።

ሐይቁ ዳር ፎቶ ለመነሣት ስንቆም አበባውን ልናስቀምጥ የኋላ ኮፈኑን ከፈትን። ጥጉ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ቦርሳ አለ። ውስጡ ሁለት ላይ የታጠፈ ፍሬም ነው፤ ፍሬሙ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ጥቁር መረብ ተወጥሯል። ሹፌሩ «የኋላውን ወንበር ፀሐይ እንዳይመታው መሸፈኛ ነው» አለን። መኪናውን ተረክቦ መንዳት ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን አውጥቶት አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ስንቸገር መፍትሔው አብሮን ይጓዝ ነበር ማለት ነው።

ዕቃው ዊንድ ዲፍሌክተር ይባላል። ጣሪያው ክፍት በሆነ መኪና ውስጥ ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚቆም፣ ከመረብ ወይም ከግልጽ ፕላስቲክ የሚሠራ የነፋስ ግርዶሽ ነው። ሥራው ከኋላ ወደ ፊት የሚመለሰውን ነፋስ ማገድ ነው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ በበር መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር የዝናብ መከላከያም፣ በከባድ መኪና ጋቢና ላይ የሚቀመጠውን ትልቅ ቆብም በዚሁ ስም የሚጠራቸው አለ። እነዚያ የሚሠሩት ከፊትና ከጎን በሚመጣ ነፋስ ላይ ነው። የተከፈተ መኪናው ዲፍሌክተር የሚጠብቀው ጀርባን ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያየው «ከኋላ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቀው።

መልሱን ለማግኘት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ውኃው ድንጋይ ሲመታ ማየት ይበቃል። ውኃው በድንጋዩ ግራና ቀኝ ተገፍቶ ያልፋል፤ ከድንጋዩ ጀርባ ግን ይሽከረከራል። እዚያ የወደቀ ቅጠል ወንዙ ወደሚወርድበት መሄዱን ትቶ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። የመኪናው የፊት መስታወት እንደዚያ ድንጋይ ነው። አየሩ የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ሲለቅ ከመኪናው አካል ይላቀቃል፤ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ማለትም እኛ በምንቀመጥበት ቦታ፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በላያችን ያለፈው አየር የኋላ ወንበር አካባቢ ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል። ከፊሉ መንገዱን ወደ ኋላ ይቀጥላል፤ ከፊሉ ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ተስቦ ይዞርና በወንበሮቹ መካከልና በላይ አልፎ ማጅራት ይመታል። ዓይነ ርግቡን ወደ ፊት የወረወረው ይህ ነው። አየሩ የሚወርደው ኋላ ስለሆነም በተከፈተ መኪና ውስጥ ከሁሉ የሚንገላታው የኋላ ተሳፋሪ ነው።

በፒክአፕ ክፍት ጀርባ ላይ ጋቢናውን ተደግፎ በጠጠር መንገድ የተጓዘ ሰው ይህን በአቧራው ያውቀዋል፤ መኪናው ከኋላው ያስነሣው አቧራ ዞሮ እሱን ያገኘዋል። የኋላ በሩ በደንብ ሳይዘጋ የሚሄድ ሚኒባስም የራሱን ጭስ ወደ ውስጥ የሚስበው በዚሁ ምክንያት ነው። (ይህኛው ሕይወትን የሚነካ ነገር ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በሩን ሳያስጠግኑ ሰው መጫን አይገባም።)

ፍጥነት ደግሞ ነገሩን በጣም ያከብደዋል። የነፋሱ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 60 ሲደርሱ አራት እጥፍ፣ ወደ 90 ሲደርሱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ምንም ያልመሰለን ነገር ድልድዩን እንደተሻገርን የበረታው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና ወደ የብስ የሚነፍሰውም ነፋስ አለ፤ መኪናው ከሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ከመጣ በፍጥነቱ ላይ ይደመራል።

የመኪና ሠሪዎቹ ታሪክም የነፋሱን አመጣጥ ያሳያል። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ኤስኤል መኪና ላይ ከወንበሮቹ ጀርባ የሚቆም መረብ አቀረበ። በ2004 በኤስኤልኬ ላይ ኤርስካርፍ የተባለውን ጨመረ፤ ከወንበሩ ራስ ማስደገፊያ ውስጥ ሞቃት አየር ወደ አንገት ይነፋል። የሚበርደው አንገት ባይሆን ኖሮ ማሞቂያውን እዚያ ማስቀመጥ ባላስፈለገ ነበር። በ2010 ደግሞ አራት ሰው ለሚጭነው ኢ-ክላስ ኤርካፕ መጣ፤ ከፊት መስታወቱ ላይ የሚነሣ ክንፍና ከኋላ ወንበሮች መካከል የሚነሣ መረብ ተጣምረው የሚሠሩበት ነው። ክንፉ አየሩን ከፍ አድርጎ በኋላ ተሳፋሪዎቹ አናት ላይ ያሳልፈዋል። እንዲህ ያለ መኪና የኋላ ተሳፋሪውንም ይጠቅማል፤ እኛ ከኮፈኑ ውስጥ ያገኘነው ዓይነት ግን አይጠቅምም።

ምክንያቱ አገጣጠሙ ነው። በአራት ሰው መኪና ላይ ፍሬሙ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የኋላውን ወንበር በአግድም ይሸፍናል፤ ሌላው ከፊት ወንበሮች ጀርባ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በግራና በቀኝ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች በጎን ሽፋኑ ላይ ወደተዘጋጁ ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ መጀመሪያ አንዱን ጎን አስገብቶ ፍሬሙን መዘርጋት፣ ከዚያ ሌላውን ማስገባት ይቀላል። ሲገጠም የኋላው ወንበር ሰው አይቀመጥበትም። ስለዚህ እኔ ወርጄ ወደ አጃቢ መኪና ተዛወርኩ፤ ሙሽሪት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ሙሽራው መሪውን ራሱ ያዘ፤ ሹፌሩ ከእኔ ጋር መጣ። መረቡን አቁመን የጎን መስታወቶቹን ስንዘጋ ዓይነ ርግቡ እስከ አዳራሹ ድረስ ትከሻዋ ላይ ረግቶ ደረሰ፤ ጫፉ ብቻ አልፎ አልፎ ይነቃነቃል። የጎን መስታወቱን መዝጋት የግድ ነው፤ ከጎን የሚገባውን መረቡ አያግድምና።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው አለ። ሙሽሮች ለቪዲዮ ብለው በኋላው ወንበር መደገፊያ አናት ላይ ይቀመጣሉ። ቀበቶ የለም፣ የሚያዝ ነገር የለም፤ አንድ ድንገተኛ ፍሬን ይበቃል። መኪናው ቆሞ ሳለ ይቀረጽ፤ ከተነሣ ግን ወንበሩ ላይ ቀበቶ ታስሮ መቀመጥ ነው።

በሁለት ሰው የስፖርት መኪና ላይ አገጣጠሙ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ከወንበሮቹ ጀርባ መኪናው ቢገለበጥ ጭንቅላት የሚጠብቁ የብረት ቅስቶች አሏቸው፤ ግርዶሹ በእነሱ መካከል ይቆማል። ማሠሪያው ወይ ቬልክሮ ነው፣ ወይ ብረቱን የሚያቅፍ መቆንጠጫ። በመቆንጠጫውና በብረቱ መካከል ላስቲክ መኖር አለበት፤ ላስቲኩ ካልተደረገ ይንቀጫቀጣል፣ ቀለምም ይፍቃል። ብሎኑን በእጅ ካጠበቁ በኋላ በካቻቢቴ ጥቂት መጨመር ብቻ ነው፤ ግልጽ ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ በቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሁለቱንም ወንበሮች እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ እንዳይነኩት ማየት፣ ጣሪያውንም ቀስ ብሎ እየዘጉ መፈተሽ ያስፈልጋል። የኋላ መስታወቱ ግርዶሹን ከነካው ጣሪያ ከመዘጋቱ በፊት ማውጣት ነው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ቅስቱ ተደብቆ አደጋ ሲመጣ ብቻ በቅጽበት ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ በመውጫው መንገድ ላይ ምንም መታሠር የለበትም። ቤት የተሠራ ግርዶሽ ለማሠር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ይመልከት።

መረብ ወይስ ግልጽ ፕላስቲክ? ግልጹ የበለጠ ያግዳል፤ በብርድ አገር የማሞቂያውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። መረቡ አየሩን ጨርሶ አያቆምም፤ ያዘገየዋል፣ ትልቁን ሽክርክሪት በትንንሹ ይሰብረዋል። ለባሕር ዳር እኔ መረብ እመርጣለሁ። ከተማው ሞቃት ነው፣ ትንሽ አየር መግባቱ ደስ ይላል። አቧራውም ግልጹን ፕላስቲክ በየቀኑ ይጭረዋል፤ የተጫረ ፕላስቲክ ማታ ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት በኋላ ማሳያው መስታወት ማየት ያስቸግራል። ግልጹን የመረጠ ሰው በብዙ ውኃና ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጠበው። ቤንዚንና አልኮል ያለበት ማጽጃ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ ውስጡንም በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል።

ከፍታው ልክ መሆኑን ለማወቅ አንድ ስንዝር ክር ይበቃል። ክሩን በራስ ማስደገፊያው ላይ፣ በጆሮ ትክክል ማሠር፤ ጣሪያውን ከፍቶ ባዶ መንገድ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር መሄድ፤ የሚመለከተው ተሳፋሪው ይሁን፣ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ አይንቀል። ያለ ግርዶሽ ክሩ ወደ ፊት መስታወቱ ይጠቁማል። ግርዶሹ ሲቆም እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ወደ ታች መንጠልጠል አለበት። አሁንም ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ ግርዶሹ አጥሯል፣ ወይም ከታችና ከጎኑ ክፍተት አለ። ክፍተቱን በስፖንጅ ደፍኖ ደግሞ መሞከር ነው።