ስለ ማዘርቦርድ ባትሪ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፈት «ኤፍ1 ተጫን» የሚል መልእክት ጥቁር ስክሪን ላይ መምጣቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ መድከም ነው፤ ስለ ባትሪው የሚባለው ግን ብዙው ትክክል አይደለም።

«ባትሪው ሲሞት ፋይል ይጠፋል።» አይጠፋም። ሲአር2032 የተባለው ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ድንጋይ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ ሰዓቱን ያስኬዳል፣ በቆዩ ማዘርቦርዶች ላይም የባዮስን (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) ምርጫዎች ይይዛል። ፋይሎች ያሉት ዲስክ ላይ ነው። ሆኖም ምርጫዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበሩበት ሲመለሱ የዲስኩ ቅንብር ሊቀየርና ዊንዶውስ አልነሣ ሊል ስለሚችል፣ ለፎርማት ከመቸኮል በፊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማየት ይገባል።

«ኮምፒውተሩ ሲሠራ ባትሪው ቻርጅ ይደረጋል።» ሲአር2032 ቻርጅ አይደረግም። ዴስክቶፕ ቢጠፋም ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላይ በሚመጣ ኃይል ስለሚሄድ ባትሪው ያርፋል። እኛ ዘንድ ግን ማታ ዲቫይደሩን አጥፍቶ መሄድ ልማድ ነው፤ ዕቃን ከመብራት መዋዠቅ ስለሚያድን ልማዱን አልነቅፍም፣ ነገር ግን ሌሊቱንና እሑዱን ሰዓቱን የሚሸከመው ባትሪው ብቻ ስለሚሆን ቶሎ ቢያልቅ አያስገርምም።

«ድረ ገጽ አልከፈት ካለ ኔትወርኩ ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ባትሪው ደክሞ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ በሄደ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ይከለክላል። ስልክ በዚያው ዋይፋይ ያንኑ ገጽ ከከፈተ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት በስክሪኑ ታችኛ ጥግ የተጻፈው ቀን ነው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ሰዓቱን ስለሚያስተካክል የባትሪው ድካም ሊሸፈን ይችላል፤ እርግጡን ለማወቅ ከሶኬት ተነቅሎ ያደረ ኮምፒውተር ተከፍቶ የባዮሱ ሰዓት ይታይ።

«ሰዓት ከተዛባ ባትሪው ነው።» ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ባትሪውን አትንኩት። ሊኑክስና (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓተ ክወና) ዊንዶውስ አብረው በተጫኑበት ኮምፒውተር ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲይዝ፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። (የ6 ሰዓት ልዩነት ደግሞ ከራሳችን አቆጣጠር ነው።)

«ክብ ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው።» ሲአር2025 ቮልቱ እኩል ቢሆንም ውፍረቱ ከ3.2 ይልቅ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በቤቱ ውስጥ ሊላላ ይችላል። ቻርጅ የሚደረገው ኤልአይአር2032 ደግሞ ቮልቱ ከፍ ስለሚል አይተካውም። አዲሱ ሲገባ የመደመር ምልክት ያለበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ ባዮስ ውስጥ ቀኑ የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ያስገባ ሰው አዲስ ባትሪ ገዝቶም ድረ ገጾቹ ላይከፈቱለት ይችላሉ።