የመልስ ጭነት ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ቤት ስቀይር ለአንድ አይሱዙ የከፈልኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት መኪና ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ላከች፤ የከፈለችው የእኔን ግማሽ አይሞላም። ተከራክራ መስሎኝ ነበር። ለካ ሹፌሩ ራሱ ነው "ባዶዬን ከምሄድ የነዳጅ ብቻ ስጪኝ" ያላት።

የመልስ ጭነት ማለት ይኸው ነው፤ መኪናው ያመጣውን አራግፎ ወደ መነሻው ሲመለስ የሚይዘው ጭነት። ከተገኘ የደርሶ መልሱን ወጪ ሁለት ሰው ይካፈለዋል። ከጠፋ ግን የመሄጃው ባለ ዕቃ ሳያውቀው የመመለሻውንም ይከፍላል፤ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም እንጂ።

ለስሌት ያህል 80 ኩንታል የጫነ መኪና መሄጃው 40,000 ብር፣ ባዶ መመለሻው 28,000 ብር ያስወጣል እንበል። ባዶ መኪና ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ አይተውም፤ የዓባይን በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት አለበት። እንግዲህ 68,000 ብር ለ80 ሲካፈል ኩንታሉ 850 ብር ይመጣል። የመልስ ጭነት ተገኝቶ 24,000 ብር ቢከፍል ኩንታሉ ወደ 550 ይወርዳል። መንገዱ ያው 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አልረዘመም፣ አላጠረም።

ለዚህ ነው የባሕር ዳር ነጋዴ ኪራይ ሲጠይቅ ኪሎ ሜትር ከመቁጠር ይልቅ ወር መቁጠር ያለበት። ከታኅሣሥ ጀምሮ የጎጃም ጤፍና በቆሎ ሲወቃና ሲሸጥ መኪናው እህል ፍለጋ ይመጣል። ያኔ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘይትና ሳሙና ራሱ የመልስ ጭነት ሆነ ማለት ነው፤ በርካሽ ይጫናል። ሰኔ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማዳበሪያ የጫነው ሁሉ ወደ ጎጃም ይገባል፣ ጎተራው ግን ባዶ ነው፤ መኪናው ተገትሮ ደላላ ደላላውን ያያል።

ሚዛኑ የተስተካከለ ንግድ ማየት ለሚፈልግ በጣና ሐይቅ ዳር ያለው ባለ ገዳሙ ዘጌ ሩቅ አይደለም። በገዳሙ ሥርዓት ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ቡናና ጌሾ እንጂ ጤፍ የለም። ስለዚህ የደንገል ታንኳው እንጨት ጭኖ ለሰዓታት ተቀዝፎ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ እንጨቱ ይሸጣል፣ በገንዘቡ እህል ተሸምቶ በዚያው ታንኳ ይመለሳል። ዛሬ ሞተር ጀልባም መኪናም አለ፤ ታንኳው ግን ሎጂስቲክስ የሚባል ቃል ሳይሰማ ባዶ መመለስን አስቀርቶ ኖሯል።

ሁሉም ጭነት ግን ለሁሉም መኪና አይሆንም። የነዳጅ ቦቴ ጤፍ አይጭንም። የጣናን ቆሮሶና አምባዛ ለመውሰድ የሚመጣ ማቀዝቀዣ መኪናም ሲመጣ ሲሚንቶ ልያዝ አይልም፤ ያ ባዶ ጉዞ የሚከፈለው ከዓሣው ዋጋ ላይ ነው። የጅቡቲው መስመር ደግሞ የዚሁ ትልቁ ምሳሌ ነው፦ አገሪቱ የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ ሙሉ የመጣው ኮንቴይነር በብዛት ባዶውን ወደ ወደብ ይመለሳል።

መጠበቅም ራሱ ወጪ ነው። ለሹፌሩና ለረዳቱ አበል፣ አልጋ፣ የቆመበት ኪራይ፣ ከዚያም በላይ አዲስ አበባ የሚጠብቀው ሌላ ጭነት። አንድ ቀን መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ በሦስተኛው ቀን ግን በእኔ ግምት ባዶውን መሄዱ ይሻለዋል፣ ደላላው የፈለገውን ቢል።

አሁን ዕቃ መላክ ስፈልግ ደላላውን መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋ አይደለም። "የአዲስ አበባ ሆኖ ዛሬ ያራገፈ መኪና አለህ?" እለዋለሁ። ካለው፣ ዋጋውን ሹፌሩ ራሱ ይቀንሰዋል።