ጋስትሮኢንተራይትስ ምንድን ነው?

ጋስትሮኢንተራይትስ የጨጓራንና የአንጀትን የውስጥ ሽፋን የሚያስቆጣ ሕመም ነው። በድንገት ይጀምራል፤ ዋና ምልክቱ ተቅማጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት አብረውት ይመጣሉ። ተቅማጥ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የቀጠነ ሰገራ ሲወጣ ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ግን በተፈጥሮው ቶሎ ቶሎ ለስላሳ ሰገራ ስለሚወጣው፣ መታየት ያለበት ከወትሮው መለየቱ ነው።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ሮታቫይረስ በተለይ ሕፃናትን ያጠቃል፤ ኖሮቫይረስ ደግሞ ዕድሜ አይመርጥም፤ ወደ ሰውነት ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክቱን አሳይቶ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይለቃል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ሲመጣ ግን እንደ ሺጌላ ያለ ባክቴሪያ ስለሚጠረጠር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሕይወት የሚያጠፋው በአብዛኛው ከተቅማጡና ከትውከቱ ጋር የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ጭንቀታችን ሁሉ ተቅማጡን በማስቆም ላይ ሲሆን የልጁን መድረቅ ሳናስተውል ስለምንቀር ነው። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ያለ እንባ ካለቀሰ፣ ሽንቱም ከቀነሰ ፈሳሽ አጥሮታል። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ መልቀቅም ብዙ ይናገራል፤ የጤነኛ ልጅ ቆዳ ወዲያው ሲመለስ፣ ከ2 ሰከንድ በላይ ተነሥቶ የሚቆይ ቆዳ የከባድ ድርቀት ምልክት ነው። አዋቂ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ከተቀመጠበት ሲነሣ ያዞረዋል፤ በአረጋውያን ላይ ግን ምልክቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል።

ዋናው ሕክምና የጠፋውን መተካት ነው፤ ለዚህም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የስኳር (ግሉኮስ) እና የጨው (ሶዲየም) ዱቄት፣ ኦአርኤስ፣ የሚተካከለው የለም። አንጀት በሕመሙ ቢጎዳም ግሉኮስንና ሶዲየምን አጣምሮ የማስገባት ችሎታው አይጠፋም፤ ውሃውም እነርሱን ተከትሎ ይገባል። በ1971 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ቦንጋዎን በነበረው የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ በተስፋፋበትና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀበት ጊዜ ይህንኑ ውህድ በአፍ በመስጠት የብዙዎችን ሕይወት ለማዳን ችሏል። ዱቄቱ በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛና ይጎዳል። ለስላሳ መጠጥ የስኳሩ ብዛት ውሃን ወደ አንጀት ስለሚስብ ምትክ አይሆንም።

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ልጁ ቢያስመልስ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ 10 ደቂቃ ያህል ታግሦ በየ1 ወይም 2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ መስጠት ነው። አድካሚ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንድ ኩባያ በአንድ ጊዜ የማይቀበል ሆድ ያንኑ በማንኪያ ይቀበላል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም፤ ምግብም ልጁ እንደፈለገ ይሰጠዋል፤ ማስራብ ማገገሙን ያዘገያል። ለሕፃናት ዚንክ ከታዘዘ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል።

አንቲባዮቲክ በቫይረስ ላይ አይሠራም። ተቅማጥ የሚያስቆመው ሎፐራማይድ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ አዋቂም ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ሊወስደው አይገባም።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። አረንጓዴ ትውከት፣ ወይም ያለ ተቅማጥ እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም ሲኖር ጋስትሮኢንተራይትስ ነው ብሎ ቤት መቆየት አደገኛ ነው፤ የአንጀት መዘጋት ወይም የትርፍ አንጀት ሕመም ሊሆን ይችላልና።