በቤት በተሰፋ የትዕይንት ልብስ ላይ ያረፈ የቀለም እድፍና አለቃቀቁ

በቤት የተሰፋ የትዕይንት ልብስ ማለት ለመድረክ ጨዋታ፣ ለሰልፍ ወይም ለአልባሳት ውድድር ተብሎ ከልዩ ልዩ ጨርቆች በእጅ ወይም በቤት የስፌት መኪና የሚዘጋጅ፣ ብዙውን ጊዜም ቀለሙን ሠሪው ራሱ የሚነክረው ልብስ ነው። በዚህ ዓይነት ልብስ ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ አስቸጋሪው፣ የአንዱ ክፍል ቀለም ወደ ሌላው ተሻግሮ የሚተወው እድፍ ነው። በአማርኛ «ለቀቀ» የሚለው ግስ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ ቀዩ ጨርቅ ቀለሙን ለቀቀ ይባላል፣ በነጩ ላይ ያረፈው እድፍ ደግሞ አልለቅም አለ ይባላል። አነጋገሩ የነገሩን ባሕርይ በትክክል ይገልጻል፤ የቀለም እድፍ እንደ ጭቃ ወይም እንደ ቅባት በጨርቅ ላይ የተቀመጠ ባዕድ ነገር ሳይሆን ባልታሰበ ቦታ የተካሄደ ማቅለም ነውና። እድፉን ማስለቀቅ ማለትም ያንን ማቅለም ማፍረስ ነው፤ የሚያፈርሰው ኬሚካል ግን የተፈለገውን ቀለም ካልተፈለገው ለይቶ አያውቅም።

ቀለም ክርን የሚይዝበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ሞቪን የተባለውን ሐምራዊ ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ ወዲህ እጅግ ብዙ የጨርቅ ቀለሞች ተሠርተዋል። እድፍ ለማስለቀቅ የተነሣን ሰው የሚጠቅመው ግን ቀለሙ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ የሚለው ሳይሆን ከክሩ ጋር የተያያዘው በምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥጥ፣ ሊነንና ቪስኮስ በዋናነት በሁለት ዓይነት ቀለም ይቀልማሉ። አንደኛው ቀጥታ ቀለም የሚባለው ሲሆን ክሩን የሚይዘው በደካማ መሳሳብ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ እጥበት ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ይሄዳል። ለማንኛውም ጨርቅ ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው የቤት ማቅለሚያ ዱቄትም ባብዛኛው ከዚሁ ቀጥታ ቀለምና ለሱፍ ከሚሆነው የአሲድ ቀለም የተደባለቀ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው ሪአክቲቭ ቀለም ሲሆን ከጥጡ ጋር ጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር ስለሚፈጥር አንዴ ከያዘ በሳሙና አይነቃነቅም። ሱፍ፣ ሐርና ናይለን የአሲድ ቀለም ይወስዳሉ። ፖሊስተር ደግሞ ውሃ የማይቀበል ክር በመሆኑ ዲስፐርስ የተባለውን ቀለም ብቻ፣ ያውም በከፍተኛ ሙቀት ያስገባል፤ በፋብሪካ ይህ የሚከናወነው በግፊት ውስጥ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር ይከተላል። ሪአክቲቭ ቀለም እጅግ ጽኑ ቢሆንም፣ በእሱ ከተቀለመ ልብስ በእጥበት ጊዜ ለቆ የመጣ እድፍ ግን ብዙውን ጊዜ በቀላሉ የሚወጣ ነው። በማቅለሚያው ሳፋ ውስጥ ከቀለሙ ከፊሉ ከጥጡ ጋር ሳይሆን ከውሃው ጋር ይዋሐድና የመያያዝ ኃይሉን ያጣል፤ በኋላ የሚለቀውም ይኸው ሥራ ፈት የሆነው ክፍል ነው። በአንጻሩ ማቅለሙ በሚካሄድበት ሰዓት ገና ኃይሉን ሳያጣ የተፈናጠቀ ጠብታ በነጩ ጥጥ ላይ ካረፈና እዚያው ከደረቀ በእጥበት ብቻ አይወጣም።

እድፉ ከየት ይመጣል

የፋብሪካ ጨርቅ ከተቀለመ በኋላ ተደጋግሞ ይታጠባል። በቤት ግን ሠሪው ትዕይንቱ ስለደረሰበት ይቸኩላል፣ ወይም ጨርቁን ሁለት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅልቆ ውሃው ሲጠራ ማለቁን ያምናል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን የተረፈውን ቀለም አሟጦ አያወጣም፤ በቀዝቃዛ ውሃ የጠራው ጨርቅ ሙቅ ውሃ ሲነካው እንደገና ያቀላል። የቤት ልብስ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ትርፍ ቀለም እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። በመድረክ መብራት ሥር የላበ ብብት፣ ረጥቦ የታጠፈ ካባ፣ በጎረቤት ቁራጭ ላይ የተተኮሰ እርጥብ ስፌት፣ ሁሉም ቀለሙን ከጨለማው ክፍል ወደ ነጩ ያሻግሩታል። መፋተግም የራሱ ድርሻ አለው፤ በተለይ ጥቁርና ደማቅ ቀይ ከፈይ ሳይረጥብም በነጭ ኮሌታ ላይ ጥላውን ይተዋል። በኢንዱስትሪው ይህ ጸባይ አይሶ 105 በተባለው የዓለም አቀፍ ደረጃ ይለካል፤ ወደ ነጭ ጨርቅ የተሻገረው ቀለም በግራጫ መለኪያ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፣ 5 ምንም ያልለቀቀው ነው። በቤት ደግሞ ነጭ የጥጥ ብጣሽ ረጠብ አድርጎ በተቀለመው ጨርቅ ላይ መጫንና በካውያ ማሞቅ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል፤ ብጣሹ ከቀላ ጨርቁ ገና አልታጠበም ማለት ነው።

ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያጸናሉ የሚለው እምነት በሰፊው ይነገራል። ጨው በማቅለም ጊዜ ቀለሙ ከውሃው ወደ ጥጡ እንዲገባ ይረዳል፣ ኮምጣጤም በሱፍ፣ በሐርና በናይለን ላይ የአሲድ ቀለምን ያግዛል። ነገር ግን ተቀልሞ ባለቀ የጥጥ ልብስ ላይ ሁለቱም የሚለቀውን ቀለም አያቆሙትም፤ የታደፈውንም አያጸዱትም።

ከኬሚካል በፊት

እድፉ እንደታየ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ልብሱ እንዳይደርቅና ካውያ እንዳያገኘው ማድረግ ነው። እርጥብ እድፍ ገና መንገድ ላይ ያለ ቀለም ነው፤ ከደረቀ፣ ይልቁንም ከተተኮሰ፣ ወደ ክሩ ጠልቆ ይገባል።

ቀጥሎ የልብሱን ጨርቆች ማወቅ ያስፈልጋል። የትዕይንት ልብስ አንድ ጨርቅ ሆኖ አያውቅም፤ ላዩ ጥጥ፣ ገበሩ አሴቴት ሳቲን፣ ጠርዙ የፖሊስተር ዳንቴል፣ ወገቡ ላስቲክ፣ ትከሻው በማስቲሽ የተጣበቀ ስፖንጅ ሊሆን ይችላል። የጨርቁ ዓይነት ከተረሳ ጥቂት ክሮችን በወረንጦ ይዞ ማቃጠል ይቻላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ የላላ አመድ ይተዋል፣ ሱፍና ሐር እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ፣ ፖሊስተር ቀልጦ ወደ ጠንካራ ዶቃ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ልብሱን ራሱ የሰፋ ሰው ከገዛው ይልቅ ይታደላል። የተረፈው ቁራጭ እጁ ላይ ስላለ የሚያስበውን ሁሉ መጀመሪያ በቁራጩ ላይ ይሞክራል፤ ቁራጭ ባይኖረውም የቅምቅማቱን እጥፋት ወይም የውስጡን የስፌት ትርፍ መጠቀም ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስፌቱን ራሱ ስለሚያውቀው ሊተረትረው ይችላል። ነጩን ከቀዩ ለያይቶ ማከም፣ ሁለቱ ተሰፍተው ሳለ ከሚደረግ ከየትኛውም ብልሃት የተሻለ ነው፤ ማንም የማይወደው ሥራ መሆኑ ግን አይካድም።

የማስለቀቂያ መንገዶች

ቀላሉ መንገድ ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው። ለጥጥ 60 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ፣ የዱቄት ወይም የፈሳሽ ሳሙና፣ በተለይም ሰፊ ሳፋ ያስፈልጋል። ውሃው ሲያንስ የለቀቀው ቀለም ተመልሶ በነጩ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ውሃው መቅላት ሲጀምር መቀየር እንጂ አንዱን ውሃ ሌሊቱን ማሳደር አይገባም። ቀለም የሚሰበስቡት የማጠቢያ ቅዳጆችም በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቀለም ይይዛሉ እንጂ ክር ውስጥ የገባውን አያወጡም።

ይህ ካልበቃ ኦክስጅን ወደሚሰጡ ማንጫዎች ይታለፋል። ሶዲየም ፐርካርቦኔት በውሃ ሲሟሟ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለቃል፣ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ውሃም በደንብ ይሠራል፤ ልብሱ ለሰዓታት ሊዘፈዘፍበት ይችላል። አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ በመሆኑ ግን ለሱፍና ለሐር አይሆንም፤ ለእነዚህ 3 በመቶ የሆነው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥንቃቄ ተሞክሮ ይሻላል።

በረኪና፣ ማለትም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ የዚሁ ቤተሰብ ጉልበተኛ አባል ነው። ክሎሪንን ለጨርቅ ማንጫነት ያዋለው ፈረንሳዊው ክሎድ በርቶሌ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1780ዎቹ ነበር። በረኪና በነጭ ጥጥ ላይ ብዙ ቀለሞችን ያጠፋል፤ ሱፍንና ሐርን ግን ራሳቸውን ያሟሟቸዋል፣ የሚለጠጥ ጨርቅን ያበላሻል፣ ናይለንን ያወይባል፣ በጥጥም ላይ ከቆየ ክሩን ያደክማል። የማንጫ ሥራውም በመለቅለቅ ብቻ ወዲያው አይቆምም፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት በተባለው ጨው ይገታል። በኮምጣጤ እገታዋለሁ ማለት ግን አደገኛ ስሕተት ነው፤ ከበረኪና ጋር አሲድ ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ መርዛማ የሆነ ክሎራሚን ይፈጠራል።

ለግትር እድፍ ዋናው መሣሪያ ኦክስጅን በመስጠት ሳይሆን በተቃራኒው መንገድ የሚሠራው ሶዲየም ዳይታዮናይት ነው። የቀለም ማስለቀቂያ ተብለው በሚሸጡ ብዙ ዱቄቶች ውስጥ የሚገኘው እሱ ሲሆን፣ አዞ የሚባሉትን ብዙዎቹን ቀለሞች ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች ከተያያዙበት ላይ ይበጥሳቸዋል። ከቀይ ካባ ላይ ተተርትሮ የወጣ፣ ወደ ሮዝነት የተለወጠ ነጭ የጥጥ እጅጌ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠው ዱቄት ውስጥ ሲገባ ለውጡ በዓይን ይታያል፤ የተጫረ ክብሪት የመሰለ ሽታ ይነሣል፣ ሮዙም በደቂቃዎች ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል። አንዳንዴ ክሬም የመሰለ ቢጫ ይቀራል፤ እሱን በደንብ ከታጠበ በኋላ ፐርካርቦኔት ሊያጸዳው ይችላል። ዳይታዮናይት ለሱፍና ለሐር ከበረኪና ይልቅ ይራራል፣ የብረት ቁልፍንና ዚፕን ግን ያጠቁራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ፈትቶ ማውጣት ይገባል። በቀዩ ካባ ላይ ካረፈ ደግሞ እሱንም ያነጣዋል።

ኢንዲጎ እዚህ ላይ ያታልላል። የጂንስ ሰማያዊ በዳይታዮናይት ውስጥ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ተለውጦ የጠፋ ይመስላል፣ ጨርቁ ወጥቶ አየር ሲነካው ግን ሰማያዊው ይመለሳል። ቀለሙ በዚያ ሁኔታው በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ጨርቁ ብጥብጡ ውስጥ እያለ መታጠብ፣ ሳፋውም ተደጋግሞ መታደስ አለበት።

የዳይታዮናይት ዱቄት ጥቂት ውሃ ሲነካው ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ የተበጠበጠውም በተዘጋ ጠርሙስ አይቀመጥም። አየር በሚገባበት ቦታ፣ በጓንት ይሠራበታል፤ አስም ያለበት ሰው ባይቀርበው ይመረጣል።

ለብዕር ቀለምና ለአንዳንድ የፊት ቀለም አልኮል ከሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፎ መጫን ይረዳል። አሴቶንን ግን በገበር ላይ ማንጠብ አይገባም፤ አሴቴት ሳቲን ከሆነ እድፉ ሳይሆን ጨርቁ ይሟሟል።

የማይለቀው

ቱርኩዋዝ የሚባለው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ብዙ ጊዜ ፍታሎሲያኒን ከተባለ መዳብ ያለበት ውህድ ስለሚሠራ ለዳይታዮናይት እጁን አይሰጥም። ወደ ፖሊስተር በሙቀት የገባ ቀለምም በበረኪና ብዙም አይደነግጥም፤ ከ180 ዲግሪ በላይ በሆነ ካውያ ወደ ጋዝነት ተለውጦ የተሻገረ ከሆነማ ክሩ ውስጥ ተቆልፎበታል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ እድፉን ከማሳደድ ይልቅ ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል። ቦታውን በጥልፍ ወይም በጌጥ መሸፈን፣ ወይም ነጩን ክፍል ወደ ጨለም ያለ ቀለም መንከር ይቻላል፤ ቀለም ወደ ጥልቀት እንጂ ወደ ብርሃን ስለማይጨመር ሮዝ ያረፈበት ነጭ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል እንጂ ወደ ሰማይ ቀለም አይሄድም፣ በሰማያዊ ቢነከርም ወይን ጠጅ ይሆናል። የተሰፋበት ክር ፖሊስተር ከሆነ የጥጡን ቀለም አይቀበልምና በተነከረው ልብስ ላይ መርፌው ያለፈበት መስመር ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያ መስመር እንዲታይ ካልተፈለገ የታደፈውን ቁራጭ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቀላል፤ አዲሱ ቁራጭ ግን ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ካባው ራሱ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ እርጥብ ነጭ ብጣሽ ተጭኖበት ካውያ ሲያርፍበትም ብጣሹ ነጭ ሆኖ እስኪነሣ ድረስ እጥበቱ ይደገማል።