ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ደሴ ላይ ይህ ተረት ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ምክር ነው፤ «ተው ልጄ፣ አርፈህ ተቀመጥ» እንደማለት። እኔ ግን የተበዳይ ምሬት ይመስለኛል።

ፍቺው ቀላል ነው። ገበሬ በሬ ጠምዶ ሰማይ ላይ ፈር አያወጣም፤ ንጉሥንም ችሎት የሚያቆመው የለም። ምንጩ የድሮው ዳኝነት ነው። የተበደለ ሰው ይግባኝ እያለ ሄዶ ሄዶ የሚያበቃው ዙፋን ችሎት ነበር። የመጨረሻው ዳኛ ንጉሡ ከሆነ ንጉሡን ለማን ይከሱታል? የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር ብሎ አጸናው። ፓርላማ ነበር፣ ምርጫም ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም።

ዋጋውን የከፈለው ወሎ ነው። በ1965 ረሃቡ ሲበረታ፣ የተራበው ሕዝብ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲጎርፍ መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ «ወሎ እየረገፈ እህሉ የት ነው?» ብሎ ሚኒስትሩን የሚያፋጥጥ የተደራጀ ወገን አልነበረም። ተቃዋሚ ፓርቲ ዝናብ አያዘንብም። ሬሳ መደበቅን ግን ያከብዳል።

እንግሊዝ አገርም እኮ ንጉሥ አይከሰስም! እዚያ በንጉሡ ፈንታ የሚጠየቅ ጠቅላይ ሚኒስትር አለ፤ ፊት ለፊቱም ጠያቂው ተቀምጧል። የተቃዋሚው መሪ ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ ይቆረጥለታል። ከሳሹን ቀልቦ የሚያኖር መንግሥት፣ ለእኛ ጆሮ ጉድ ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቁ ደግሞ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ጉዳይ ላይ ይወያያል። ችግሩ ሲሶው ከየት ይምጣ ነው። በ1997 ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫ ከ170 በላይ አሸነፉ፤ ለሲሶ ጥቂት ቀራቸው፤ ከተመረጡትም አንገባም ያሉ ነበሩ። በ2007 አንድም ተቃዋሚ አልገባም።

ይህ ሁሉ ግን ተቃዋሚውን ከጥያቄ አያድነውም። ክስ ማስረጃ ይፈልጋል፤ «ይውረድ» ብሎ መጮህ ክስ አይደለም። ኮምቦልቻ መጥቶ ድምፅ የሚለምን ፓርቲ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ስንት ሰው እንደቀጠረ፣ ደመወዙ የቤት ኪራይ ይችል እንደሆነ ቆጥሮ ይምጣ። ከዚያ እኛም እንጠይቀው፦ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ፣ ገንዘቡንስ ከየት ታመጣዋለህ?