እግዚአብሔርን መፈታተን ምንድን ነው?

«ካለህ ዛሬ አሳየኝ!» ብለው ጸልየው ያውቃሉ? እኔ ጸልያለሁ። ያውም ሳላጠና ለገባሁበት ፈተና።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን «መፈታተን» ይለዋል። መነሻው ዘፀአት ምዕራፍ 17 ነው። እስራኤላውያን ራፊዲም ሰፈሩ፤ ውሃ የለም። መጠማት ጥፋት አይደለም፤ ውሃ መለመንም እንደዚያው። ነገሩ የተበላሸው «እግዚአብሔር በመካከላችን ነውን ወይስ አይደለም?» ሲሉ ነው። ባሕር የተከፈለላቸው፣ መና የወረደላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ውሃው ከዓለቱ ፈልቆ ጠጡ። ቦታው ግን ማሳህ ተባለ፤ በዕብራይስጥ «ፈተና» ማለት ነው።

ዲያብሎስ ኢየሱስን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲያባብለው መዝሙረ ዳዊትን እየጠቀሰ ነበር። ጥቅስማ እሱም ያውቃል። መልሱ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ሆነ። ቃሉ የዘዳግም 6፥16 ነው፤ እዚያ ላይ ማሳህ በስሟ ተጠቅሳለች። እያወቁ ገደል ገብቶ «በል አውጣኝ» ማለት እምነት ሳይሆን አምላክን ማስገደድ ነው።

ታዲያ ምልክት መጠየቅ ሁሉ ኃጢአት ነው? አይደለም። ጌዴዎን በተባዘተ የበግ ጠጉር ሁለት ጊዜ ጠይቋል፤ አልተቆጡትም። እንዲያውም የሚገርመኝ ንጉሥ አካዝ ነው። ኢሳይያስ 7 ላይ እግዚአብሔር ራሱ «ምልክት ለምን» አለው። እሱ ግን «አልለምንም፥ እግዚአብሔርንም አልፈታተንም» ብሎ መለሰ። ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል። ሰውየው ግን የቤተ መቅደሱን ብርና ወርቅ ለአሦር ንጉሥ ልኮ እርዳታ የለመነ ነው። ምልክቱን ቢያይ ማመን ሊኖርበት ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን አልፈለገም።

ስለትስ? ቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዞ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ እየተፈታተነ ነው? አይመስለኝም። የሳሙኤል እናት ሐናም ተስላለች። «ልጅ ብትሰጠኝ መልሼ ለአንተ እሰጠዋለሁ» አለች እንጂ «ካልሰጠኸኝ የለህም» አላለችም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቶማስ ዳግም ትንሣኤ በመጣ ቁጥር እንሰማለን። «ካላየሁ አላምንም» ብሏል፤ ተገሥጾበታልም። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመጣ ግን እዚያው ከሌሎቹ ጋር ነበር።