የቁራ መልእክተኛ

ሰው ለአጣዳፊ ጉዳይ ትልካላችሁ። መጣ መጣ ስትሉት የለም። በር በሩን ታያላችሁ፤ ስልክ ትደውላላችሁ፤ አያነሳም። ይሄኔ ነው «የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ!» የምንለው። ተልኮ ለቀረ ወይም አለቅጥ ለዘገየ ሰው የሚነገር ነው።

አባባሉ የመጣው ከኖኅ ታሪክ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ኖኅ የመርከቧን መስኮት ከፍቶ መጀመሪያ የላከው ቁራን ነው። ቁራው ወሬ አላመጣለትም። የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ የመጣችው ርግብ ናት። ቁራው የት እንደዋለ ግን አበው ሲተርኩ፣ ጥንብ አገኘና እሱን ሲበላ ቀረ ይላሉ።

ይህችን ጭማሪ በጣም እወዳታለሁ። ቁራን ልብ ብሎ ያየ ሰው የጨመራት ትመስለኛለች። ቁራና ምግብን መለያየት ከባድ ነው። አንዱ ቁራ ቁራሽ ዳቦ ሲደብቅ አይቻለሁ። ሣሩን በመንቆሩ ገለጥ አደረገ፣ ቁራሹን ሸጎጠ፣ ደረቅ ቅጠል አለበሰው። ቀና ሲል ሌላ ቁራ አጥር ላይ ሆኖ ያየዋል። ወዲያው አወጣውና ራቅ አድርጎ ቀበረው። መታየቱን አውቋል! ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት የደጋችን ትልቁ ቁራ ደግሞ እበቱን በወፍራም መንቆሩ፣ ልክ እንደ ማጭድ፣ ግራና ቀኝ እየጠረገ ይበትንና ውስጡ ያለውን ትል ይለቅማል።

ግን ቁራ መልእክት አያውቅም ማለት አይደለም። ተመራማሪው በርንድ ሃይንሪሽ በአሜሪካ ሜይን ግዛት ጫካ ውስጥ፣ በጥንብ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ቁራዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። አካባቢውን የያዙት ጥንዶች ጥንቡን ተቆጣጥረው ወጣቶቹን ያባርራሉ። ወጣቱ ብቻውን አይችላቸውም። ስለዚህ ጮኾ ሌሎችን ይጠራል። ግር ብለው ሲመጡ ጥንዶቹ መመከት ያቅታቸዋል። አያችሁ፣ ወሬው ለወገኑ በሰዓቱ ደርሷል። ነቢዩ ኤልያስንም በፈፋው ዳር ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ እያመላለሱ የመገቡት ቁራዎች ናቸው።

ለዚህ ነው አባባሉን ለዘገየ ሰው ሁሉ የማልጠቀምበት። የታመመ ወይም መንገድ የተዘጋበት ሰው የቁራ መልእክተኛ አይባልም። የሚባለው መንገድ ላይ የራሱን ጥንብ አግኝቶ፣ የላከውን ሰው እዚያው የረሳ ነው።